ሁሉን ቻይ ወረቀት

በረዶው የኦታሩን ጣራ ሲጫነው ሰንብቶ፣
የወደቡ መንገድ ጠዋት ተጠርጎ ማታ ተመልሶ ሞልቶ፣
እኔ ከጓዳዬ፣ ከመጋዝ ብናኝ ጋር፣
ስለካ፣ ስቆርጥ፣ ስሞርድ ዋልኩ የበርች ጣውላ ዳር።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጭጋግ ጥሩምባ የነፋሁ ሰው ነኝ፣
መርከብ ካለት እንዳይላተም ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁኝ፤
ደሞዜን ከፍለው በክብር ሸኙኝ፣
ከጆሮዬ ግን ቀጭን ቀጭኑን ቀረጥ አስቀሩብኝ።

ሐኪሟ በወረቀት መስመር ሥላ ሰጠችኝ፤
«እስከዚህ ይሰማሉ፣ ከዚህ ወዲያ የለም።»
መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ገደል ገብቶ ቀረ፤
የዝናብ ጫፍ፣ የወፍ ጫጫታ፣ የትንኝ ዓለም፣
ከዚያ ገደል ማዶ፣ እኔ ሳልሰማው አደረ።

እንግዲህ ሳቁ።
በዚህ ጆሮ ነው ስፒከር የምሠራው።

ሌላው ሰው ሲሠራ ሥራ ያከፋፍላል፣
ለጎርናናው አንድ፣ ለቀጭኑ ሌላ ይሾማል፤
ጥቅል ሽቦ ደላላ መሀል ላይ ያቆማል፣
አንተ በዚህ እለፍ፣ አንቺ በዚያ ይላል።
እኔ ግን አልወድም፣ ድምፅ በድንበር ሲከፈል፤
አንዲት ወረቀት ናት፣ መዳፌን የምታህል፣
ከኋላዋ ማግኔት፣ ከወገቧ የመዳብ ጥምጥም፤
ከበሮም እሷው፣ ዋሽንትም እሷው፣ የዘፋኝ ትንፋሽም።
ሁሉን ቻይ ወረቀት!
ስትችል ግን አይታችኋል?
ነጎድጓድ ስትሸከም ጫፏ ይንቀጠቀጣል፤
እንደ ድሃ ቤት እናት፣ ለሁሉም ብትደርስ ከሁሉም ይጎድላል።

ስለዚህ ቤት ሠራሁላት፤ ቤት እንኳ አይደለም፣ ዋሻ፣
ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ፣ ጠባብ መግቢያ፣ ሰፊ መድረሻ፤
ከጀርባዋ የሚወጣው ትንፋሽ፣ ሊባክን የነበረ፣
በጨለማው ሲዞር ቆይቶ፣ ጎርንኖ፣ ጎልምሶ ደጅ አደረ።

ሃያ ሁለት ቁራጭ ጣውላ። አንዱ አጠረ።
የመጋዙን ጥርስ ውፍረት ሳልቆጥር፤ የጀማሪ ስሕተት፣ በሰባ ሦስት ዓመቴ።
ሞርሳም አነሰኝ፤ ሙጫው እስኪይዝ
የሺዙኖን የጎመን መጫኛ ድንጋይ ሰረቅሁ፣ የገዛ ባለቤቴን።
«ዘንድሮ ጎመኑ አልኮመጠጠም» አለች።
ዝም አልኩ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሽቦውን በየድኩት፣
ቼሎ ነበር፤ እግሬ ሥር ወለሉ ሲተነፍስ ሰማሁት።
የጎረቤት ልጅ ሂናኖ አካፋ ልትመልስ ገብታ፣
ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ፊቷን አጨማድዳ።

«አባባ፣ ውስጡ ፌንጣ አለ።»
«ፌንጣ? በጥር ወር?»
«አለ። ይጮኻል።»

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ገደሉ ብቻ ነው።
ፈታሁት። ብሎን አጠበቅሁ፣ ሱፍ ጨመርኩ፣
ስንጥቅ ይሆናል ብዬ በሻማ ብርሃን ማዕዘኑን ዳበስኩ።
ሦስት ቅዳሜ መጣች፤ ሦስቴ «አሁንም አለ» አለችኝ።
ልጅ አትዋሽም። ወይም ትዋሻለች፤
እኔ በምን አውቄ?

በአራተኛው፣ ሙዚቃው መሀል ብድግ አለች፤
ግድግዳውን በመዳፏ፣ እንደ ሐኪም፣ እየነካካች፣
መስኮቱን አልፋ፣ ከዕቃ መደርደሪያው ደረሰች፣
ተጠጋግተው በቆሙ ሁለት የሻይ ፍንጃሎች ላይ
አንድ ጣቷን አሳረፈች።

«ሞተ» አለች።

ሳጥኔ ንጹሕ ነበር። ቼሎው ወደ ታች በወረደ ቁጥር
ፍንጃል ከፍንጃል ሲሳሳም ነው፣ ያ ሁሉ የፌንጣ ክርክር።
የሐኪሟን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ፣
ገደሉን አራት አጥፌ መሀላቸው ሸጎጥኩት።

እንደገና ከፈትኩ።
ልጅቷን አየሁ፤ አንድ ስፍራ ላይ ቅንድቧ ከፍ አለ፣
እኔ የማልደርስበት ቀጭን ድምፅ ያን ጊዜ አለፈ።
ሁለተኛ ከፍ አለ። ቆጠርኩት።

ከማድቤት ሺዙኖ፣ በሚሰማኝ ጎርናና ድምፅ፣
«ድንጋዬን መልስ!»